«ናሙናዬ ስንት ይሁን?» ከሚለው ጥያቄ በፊት

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ኮሌጅ መምህር ነኝ። የዶክትሬት ጥናቴ በማርኬቲንግ ነው። ለ12 የፒኤችዲ ተማሪዎች የምርምር ዘዴ ኮርስ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ፤ ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። አብዛኞቹ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ኮርስ ያስተምራሉ፣ የቀሩት የባንክ ኃላፊዎች ናቸው። ስላይድ ሳቀርብ ሁሉንም እንደሚያውቁት ይነግሩኛል፤ ፕሮፖዛል ሲያመጡ ግን አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፦ የዚህ ተጽዕኖ በዚያ ላይ፣ መጠይቅ፣ ሪግሬሽን (የነገሮችን ዝምድና በቁጥር የሚያሳየው ስሌት)። የሚጠይቁኝም ‹ናሙናዬ ስንት ይሁን?› እና ስለ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ‹ኤስፒኤስኤስ ይሻላል ስታታ?› ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር 14 ሳምንት ይኖረኛል። የምርምር ፍልስፍናው ላይ ምን ያህል ልቆይ? በቁጥር ሳይሆን በቃለ መጠይቅና በመሳሰሉት ለሚካሄደው ዓይነታዊ ምርምርስ ስንት ሳምንት ልስጥ? በምን ልመዝናቸው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ተማሪዎችዎ «እናውቀዋለን» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ኮርሱን ለመጀመሪያ ዲግሪ ወስደውታል፣ ለማስተርስ ደግመውታል፣ አሁን ደግሞ ያስተምሩታል። የናሙና አወሳሰድ ዓይነቶችን ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሷቸው ይዘረዝሩልዎታል። ከሁለት የጥናት ንድፎች አንዱን መርጠው ምርጫቸውን በሰው ፊት እንዲከላከሉ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። የምዕራፍ ሦስት (የጥናት ዘዴው ምዕራፍ) ንዑስ ርእሶች ተሰጥተዋቸው ሞልተው ነው የመጡት። በእነዚያው ርእሶች ለሦስተኛ ጊዜ ማለፍ የእርስዎንም የእነሱንም ቅዳሜ ያባክናል። ኮርሱን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያዋቅሩት፦ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የናሙናው መጠን፣ መጠይቁና ሶፍትዌሩ ከዚህ ጥያቄ መልስ የሚወጡ ናቸው።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሙሉ ለአንድ ርእስ ይስጡት። ከአሥራ ሁለቱ መካከል «የሥልጠና ተጽዕኖ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ» የሚል ወይም እሱን የሚመስል አይጠፋም። ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና አብራችሁ ፍቱት። ተማሪው ያሰበው በአንድ ባንክ ለ300 ሠራተኞች መጠይቅ መበተን ነው፤ አሥር ጥያቄ ስለ ሥልጠናው፣ አሥር ስለ አፈጻጸም፣ ሁሉም ከ1 እስከ 5 የሚሞላ። ስለ ሥልጠናው የሚመልሰው ማን ነው? ሠራተኛው። ስለ አፈጻጸሙስ? ያው ሠራተኛ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ስሜት። በመሥሪያ ቤቱ ደስ የተሰኘ ሰው ሁለቱንም ከፍ አድርጎ ይሞላል፤ የከፋው ሁለቱንም ዝቅ ያደርጋል። ሥልጠናው ምንም ያልፈየደ ቢሆን እንኳ ሪግሬሽኑ ፒ ቫልዩው (ተጽዕኖ ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘቱ ዕድል) ከ0.05 በታች የሆነ፣ የሚያምር ቁጥር ያወጣል። ቀጥለው ለሥልጠና የሚላከውን ማን እንደሚመርጥ ይጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ ጎበዞቹን የሚልክ ከሆነ አፈጻጸሙ ነው ሥልጠናውን ያመጣው። ደካሞቹን የሚልክ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ሥልጠና ጎጂ መስሎ ይታያል። ሌላ 300 መጠይቅ መጨመር ይህን አያድነውም፤ ያው የተዛባ መልስ ይበልጥ አስተማማኝ መስሎ ይወጣል እንጂ።

ከዚያ መፍትሔውን ራሳቸው ይፈልጉት። የባንክ ኃላፊዎቹ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው፤ ሥልጠና እንዴት እንደሚደለደል የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ማሠልጠኛው ሁሉንም በአንዴ ስለማይችል ሠራተኛ በዙር ይገባል እንበል። ዙሩ የሚወጣው በዲስትሪክት ወይም በቅጥር ቀን ከሆነ፣ ቀድመው የሠለጠኑትን ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አፈጻጸሙንም ከመዝገብ ማውጣት ነው፦ በቀን የተስተናገደ ደንበኛ፣ የካሽ ጉድለት፣ በኦዲት የተገኘ ስሕተት፣ ከሥልጠናው 6 ወር በፊትና 6 ወር በኋላ። ይህ የሚሆነው ባንኩ ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ ኃላፊዎቹን ማነጋገር የሚጀመረው ፕሮፖዛሉ ሳይጻፍ ነው። ብዙ መልካም ንድፍ የሚወድቀው ፈቃዱ ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ስለሚጠየቅና ሲከለከል ተማሪው ወደ መጠይቁ ስለሚመለስ ነው።

ከክፍል ሲወጡ እያንዳንዱ በራሱ ርእስ ላይ አንድ ገጽ ይጻፍ። የማጠናው ማንን ወይም ምንን ነው፤ ሰውን፣ ቅርንጫፍን ወይስ ድርጅትን? ውጤቱን የሚለካው ማን ነው፣ በምን? ከማን ጋር ይነጻጸራል? ማን ምን እንደሚደርሰው የሚወስነው ማን ነው? መላምቴ ሐሰት ቢሆን መረጃው ላይ ምን አያለሁ? አምስተኛው ላይ የማይደናቀፍ ጥቂት ነው። ገጹን በየሦስት ሳምንቱ ያድሱት፤ የመጨረሻ ሥራቸው የሚያድገው ከዚህ ነው።

ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት አንድ የታተመ ጥናት ይፍቱ። አራት ሳምንት ለአንድ ጽሑፍ ይበዛል የሚልዎት ይኖራል፤ አይበዛም። ለእኛ አገር የቢዝነስ ተማሪ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ በጣም ይስማማል። በአምስት የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዕጣ ከሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የድርጅቱን ሥራ እንዲያገኝ ተደረገ፣ ሁለተኛው ወደ 300 ዶላር የሚሆን ገንዘብ ከንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጠው፣ ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ሆነ። ጽሑፉን በአንዴ አይስጧቸው። ከእነዚህ አራት ሳምንታት በመጀመሪያው ጥያቄውን ብቻ ይንገሯቸውና ንድፉን ራሳቸው ያውጡ፤ አብዛኞቹ ተቀጥረው የሚሠሩትን ካልተቀጠሩት ጋር ለማነጻጸር ያስባሉ። በሁለተኛው ሳምንት የዘዴውን ክፍል አንብበው የራሳቸውን ከታተመው ያስተያዩ።

ሦስተኛው ሳምንት ሠንጠረዦቹ ናቸው፤ ጭንቅ ያለውም እዚህ ነው። የፋብሪካ ሥራ ከደረሳቸው ሰዎች ሲሶው ገደማ በመጀመሪያው ወር ለቅቀዋል፤ በዓመቱ ውስጥ የለቀቁት ደግሞ አብዛኞቹ ናቸው። «ታዲያ የለቀቁትን አውጥተን የቆዩትን ብቻ ለምን አናነጻጽርም?» የሚል ተማሪ ይነሣል። ይህን ጥያቄ አያሳልፉት። የቆዩት ሌላ አማራጭ ያጡት ወይም ጤናቸው የጸናው ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱን ብቻ ለይቶ ማነጻጸር ዕጣው የሰጠውን እኩልነት ያፈርሰዋል። ስለዚህ ዋናው ትንተና ዕጣው የደረሳቸውን ሁሉ፣ ለቀቁም አልለቀቁም፣ በአንድነት ይዞ ይሄዳል። ይህን የገባው ተማሪ፣ ከመጠይቅ ናሙናው ሰዎች ሲጎድሉበት «የተመለሰው 78 በመቶ በቂ ነው» ብሎ አያልፍም፤ ያልመለሱት እነማን እንደሆኑ ይጠይቃል። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ በቡድኖቹ መካከል የነበረው የገቢ ልዩነት በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ጥናቱ በአንድ ዓመት ቢያበቃ ኖሮ ምን ምክር ይሰጥ እንደነበር ይጻፉ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሠንጠረዥ ራሳቸው እንደገና ያውጡ፤ መረጃውና ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው፦ የደራሲዎቹን ኮድ ጫን ያደርጉና ያው ቁጥር ይወጣል፤ ምንም አልተማሩም። ስለዚህ አንድ ውሳኔ እንዲለውጡ ያስገድዷቸው። ከአምስቱ አንዱን ድርጅት ያውጡ፣ ወይም የለቀቁትን አስወግደው ይሞክሩ፤ ቁጥሩ ለምን እንደተለወጠ ግማሽ ገጽ ይጻፉ። «ኤስፒኤስኤስ ወይስ ስታታ?» ለሚለው መልሱም ይኸው ነው። እያንዳንዱ እርምጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ሶፍትዌር ይሁን። አር (R) የተባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ስታታ ያለው በስታታ ይሥራ። በኤስፒኤስኤስ የሚቀጥል ካለ በመዳፊት መጫኑን ትቶ ሲንታክሱን (የትእዛዞቹን ጽሑፍ) ያስቀምጥ፤ ከስድስት ወር በኋላ አማካሪው «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ሲለው መልስ እንዲኖረው።

ስድስተኛው ሳምንት ናሙና ይሁን። ሁሉም የያማኔን ቀመር ይዘው ይመጣሉ፦ የሕዝቡን ቁጥር ለ1 ሲደመር የሕዝቡ ቁጥር ሲባዛ 0.05 በካሬ ማካፈል። ለ1,000 ሰው 286፣ ለ10,000 ሰው 385፣ ለ100,000 ሰው 398 ይሰጣል፤ ከ400 አያልፍም። ቀመሩ ስሕተት የለበትም፤ የተሠራው ግን አንድን መቶኛ በቀላል የዕጣ ናሙና ለመገመት ነው። «ከደንበኞቹ ስንት በመቶው ሞባይል ባንኪንግ ይጠቀማል?» ለሚል ጥያቄ ይሆናል። ሁለት ቡድን ለሚያነጻጽር ሰው መነሻው ሌላ ነው፤ ማየት የምፈልገው ልዩነት ምን ያህል ነው? በተለመደው የ5 በመቶ ወሰን (የሌለን ልዩነት «አለ» የማለት ዕድል) እና በ80 በመቶ ኃይል (ያለን ልዩነት የማግኘት ዕድል)፣ የግማሽ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካያቸው የሚርቁበት የተለመደ መጠን) ልዩነት ለማየት በየቡድኑ ወደ 64 ሰው ይበቃል። ልዩነቱ 0.2 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ብቻ ከሆነ በየቡድኑ ወደ 394 ያስፈልጋል። በቢዝነስ ጥናት ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት ትንሽ ልዩነት ብርቅ አይደለም።

ይበልጥ የሚጎዳው ግን መሰባሰብ ነው። አንድ ተማሪ ከ20 ቅርንጫፍ ሃያ ሃያ ሠራተኛ ወስዶ 400 ሰው አለኝ ይላል። በአንድ ቅርንጫፍ ያሉት አለቃቸውም ደንበኛቸውም አንድ ስለሆነ መልሳቸው ይመሳሰላል። የመመሳሰሉ መጠን 0.10 ቢሆን ማካፈያው 1 + (20 − 1) × 0.10 = 2.9 ነው፤ 400ው ሰው የሚሠራው እንደ 138 ሰው ብቻ ነው። ያንኑ 400 ሰው ከ80 ቅርንጫፍ አምስት አምስት ቢወስድ ማካፈያው 1.4 ይሆንና 286 ያህል ይኖረዋል። ይህን በቃል ብቻ አይንገሯቸው። እውነተኛው ተጽዕኖ ዜሮ የሆነበት ሰው ሠራሽ ዳታ በኮምፒዩተር ያመንጩ፤ 20 ቅርንጫፍ፣ 400 ሰው፣ አሥሩ ቅርንጫፍ «አዲስ አሠራር የገባበት»። መሰባሰቡን ችላ ብለው ሪግሬሽኑን አንድ ሺህ ጊዜ ያስኪዱት። ተጽዕኖ ሳይኖር «አለ» የሚለው ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ መሆን ሲገባው፣ ሩብ ያህል ጊዜ ይላል። ሰው ሠራሽ ዳታ መሥራት ሌላም ጥቅም አለው፤ ተማሪው የትንተናውን ኮድ አንድም መጠይቅ ሳይበትን ጽፎ ይጨርሳል፣ የጎደለውን ጥያቄም መስክ ሳይወርድ ያውቀዋል።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ሳምንት ለመጠይቅ ነው። እዚህ ክሮንባክ አልፋ (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካው ቁጥር) እንደ ማለፊያ ነጥብ ይታያል፤ 0.7 ካለፈ «አስተማማኝ ነው» ይባላል። አልፋ በጥያቄ ብዛት እንደሚያድግ በስሌት ያሳዩዋቸው። በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ዝምድና 0.2 ብቻ ቢሆን፣ አምስት ጥያቄ 0.56 ይሰጣል፤ ሃያ ጥያቄ 0.83 ይሰጣል። ጥያቄዎቹ አልተሻሻሉም፣ በዙ እንጂ። 0.95 ሲወጣ ደግሞ አንዱን ጥያቄ በተለያየ ቃል ደጋግመው ጠይቀው እንዳይሆን ይመልከቱ። የሚያዋጣው ሥራ አሰልቺው ነው። መጠይቁን አንድ ሰው ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልስ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ሁለቱን ያስተያዩ። ከዚያ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይህ ጥያቄ ምን የሚጠይቅ መሰለህ? ለምን 4ን መረጥክ?» ይባል። አሉታዊ አባባሎች በብዛት የሚፈርሱት እዚህ ነው፤ «ሥራዬን የመልቀቅ ሐሳብ የለኝም» ለሚለው «አልስማማም» ማለት ምን እንደሆነ መላሹ ሲወዛገብ ያዩታል።

አሰባሰቡንም አይርሱት። የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ተቀብሎ መጠይቁን በጸሐፊው በኩል የሚበትን ኃላፊ፣ ማን እንደሚሞላ ራሱ ይመርጣል፤ የተሞላውንም ያያል። ሠራተኛው ይህን ስለሚያውቅ ስለ አለቃው 5 ይሞላል። የስም ዝርዝሩን ተማሪው ራሱ ይውሰድ፣ ዕጣውን ራሱ ያውጣ፣ ወረቀቱን በታሸገ ፖስታ ራሱ ይሰብስብ ወይም በስልክ ያስሞላ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ የስምና የስልክ ዝርዝሩ ከመልሱ ተለይቶ ይቀመጥ። የሥነ ምግባር ትምህርትን ለብቻው ከማስተማር እዚሁ ማስተማር ይሻላል።

ዘጠነኛው ሳምንት ለነባር መረጃ ይበቃል፤ ብዙ ተማሪ መጠይቅ የሚበትነው ሌላ መረጃ እንዳለ ስለማያውቅ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውንና በኃይል የሚሠራ ማሽን የሚጠቀሙ አምራቾችን ይዳስሳል። የዓለም ባንክ የድርጅቶች ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ 848 ድርጅቶችን አነጋግሯል። የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርትም አለ። ባንኮች ላይ ለሚሠሩት ሦስት ነገር ያስጠንቅቁ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ በፈረንጅ ዓመት ከተሰላ የዋጋ ንረት ጋር ሲያጣምሩት ግማሽ ዓመት ይፋለሳል። ባንኮቹ ከ2010 በጀት ዓመት ጀምሮ ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ በመዛወራቸው፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ትርፍና የብድር መጠባበቂያ በአንድ መንገድ የተሰላ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የ2017 በጀት ዓመት አኃዝ ከቀደሙት ተለየ። አንድ ነገር እንጨምር፦ 16 ባንክ በ10 ዓመት 160 ረድፍ ይሰጣል፤ ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ግን 16 ብቻ ናቸው። በዚህ ቁጥር የተለመደው የክላስተር ስታንዳርድ ኤረር (መሰባሰቡን ያገናዘበ የስሕተት ግምት) ከሚገባው ስለሚያንስ ውጤቱን በዋይልድ ቡትስትራፕ (ዳታውን በኮምፒዩተር ደጋግሞ እየለዋወጠ በሚፈትሽ ዘዴ) ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዓይነታዊ ምርምር ይማሩ። የመጠይቁ ጅራት ላይ አምስት ቃለ መጠይቅ ለጥፎ «ቅይጥ ዘዴ» ማለት ይብቃ። ሁሉም አንድ አንድ ነጋዴ ለ40 ደቂቃ ያነጋግሩ፤ ርእሱ አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ «ዱቤ ለማን ትሰጣለህ፣ ለማንስ ትከለክላለህ?» አዲስ አበባ ያሉት መርካቶ ይውረዱ። ነጋዴ ስለ ግብር ስለሚሰጋ ድምፁ እንዲቀረጽ ላይወድ ይችላል፤ አይጫኑት፣ ማስታወሻ ይዘው በዚያው ቀን ምሽት አስፍተው ይጻፉ። የተቀረጸውን ራሳቸው ይገልብጡ፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ጭብጡ የሚታየውም በዚያ ሰዓት ነው። ትንተናውን በተናገሩበት ቋንቋ ያካሂዱ፤ የሚተረጎመው በመጨረሻ የሚጠቀሰው ቃል ብቻ ይሁን። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱን ቅጂ ለየብቻ ኮድ ያድርጉና (ለየሐሳቡ መለያ ስም ይስጡና) የተለያዩበትን ቦታ ይከራከሩበት። «ዘመድ» ተብሎ የተመደበው ለአንዱ ዝምድና፣ ለሌላው ዋስትና ከሆነ፣ ክርክሩ ራሱ ትንተናው ነው።

ፍልስፍናውን በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሱት። መጀመሪያ ላይ ካስተማሩት ተማሪው ከመማሪያ መጽሐፉ ያንን የሽንኩርት ሥዕል (የምርምር ፍልስፍናና ዘዴዎችን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚደራርበውን) ገልብጦ «እኔ ፕራግማቲስት (ለጥያቄው የሚሠራውን ዘዴ ሁሉ የምቀበል) ነኝ» ይልና ሁለተኛ አያነሣውም። የዕጣ ሙከራውንና የራሳቸውን ቃለ መጠይቅ ካለፉ በኋላ ግን ጥያቄው ሥጋ ይለብሳል። የመጀመሪያው ጥናት «ሥራ» የሚለው ነገር ለሁሉም አንድ መሆኑን አምኖ ነው የተነሣው፤ ሁለተኛው «ዱቤ» ለነጋዴው ምን እንደሆነ ገና እየጠየቀ ነው። ይህን ይጻፉ፤ ሁለት ገጽ ይበቃል።

ምዘናውን በተመለከተ የጽሑፍ ፈተና አንመክርም። ሠንጠረዥ እንደገና ማውጣቱ 25 ነጥብ፣ የተፈተሸ መጠይቅ ከነማስተካከያ ማስታወሻው 20፣ ለአንድ የክፍል ጓደኛ ንድፍ የተጻፈ የገምጋሚ አስተያየት 15፣ ከመጀመሪያው ቀን ገጽ ያደገው የጥናት ዕቅድ 40 ይያዝ። ዕቅዱ ከ10 ገጽ አይበልጥ፤ የትንተናው ኮድና ባዶ ሠንጠረዦቹ አባሪ ይሁኑ። በአሥራ አራተኛው ሳምንት እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቆሞ ይከላከል፤ ለ12 ሰው ሦስት ሰዓት ነው። በሰው ወይም በማሽን ያስጻፈ ካለ «ይህን ለምን መረጥክ?» ሲሉት ይለያል። የገምጋሚ አስተያየቱ ነጥቡ ትንሽ ቢሆንም እንዳያስቀሩት፤ ነገ አማካሪና ፈታኝ የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

የትምህርት ክፍሉ የጸደቀውን የኮርስ ዝርዝር በቅደም ተከተሉ ካልተከተሉ የሚልዎት ከሆነ ርእሶቹን አይሰርዙ። እያንዳንዱ ርእስ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ሥራ ውስጥ እንደሚሸፈን በአንድ ሠንጠረዥ አሳይተው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ለክፍሉ ኃላፊ ያስገቡ። ሠንጠረዡን ለተማሪዎቹ አማካሪዎችም ይላኩላቸው፤ አማካሪው አሮጌውን ምዕራፍ ሦስት የሚጠብቅ ከሆነ ተማሪው ከእርስዎ የተማረውን ትቶ የእሱን ይጽፋልና።